«ሆ» የሚባልበት ቦታ

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የማወጋችሁ ጥፋት የመጣው ከዚሁ ከጥንቃቄዬ ስለሆነ ነው።

ትውልዴ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። የምኖረው ግን ሐዋሳ ነው፤ በሥራ ተመድቤ ከሄድሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የእኛ ሥራ ከስም ይጀምራል። ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከመጣልኝ አልቀበልም። «የማን እንደሆነ ሳላውቅ ምን ብዬ ልመርምረው?» እላለሁ፤ ነርሶቹ በዚህ ይስቁብኛል። መንገዴ ከሥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቴ ነው። ዓለማዊ ዘፈን ቤቴ አይገባም። በገና ግን እደረድራለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው የጀመርሁት፤ አሥሩ አውታር ዛሬም ያምታታኛል።

እንደ እኔ ላሉ ጀማሪዎች አንዲት የቴሌግራም ግሩፕ አለች። በገና የሚሞክር አለ፣ ክራር የሚሞክር አለ፣ ኪቦርድ የሚነካካ አለ። መምህር፣ ነርስ፣ ፀጉር አስተካካይ፤ ሙዚቀኛ ተብሎ የሚጠራ አንድም የለንም። አንዱ ከመንደሩ የሰማውን ዜማ ቀድቶ ይልካል፣ ሌላው በመሣሪያ ሞክሮ ይመልሳል፣ ሌሎቻችን «እሰይ!» እንላለን። እዚያ የምታወቀው በክርስትና ስሜ፣ ወለተ ማርያም ተብዬ ነው። ለጥንቃቄ።

ካቻምና ሰኔ ላይ የአክስቴ ልጅ አዛናው ሞተ። ከገበያ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ነው። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ የደረስሁት በሦስተኛው ቀን ነው። አክስቴን እታለም ነው የምንላት። ከሴቶቹ መካከል ቆማ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ሙሾ ታወርድ ነበር። ቄሱ «ሙሾውን ተዉ» እያሉ ይገሥጻሉ፤ እሷ አትሰማም። እንዲህ ትል ነበር፦

ሁሉም ተመለሰ ገበያው ሲፈታ፣
አዛናው፣ ምነው ሆይ ቆየህ እስከ ማታ?

ስሙን ከመጥራቷ በፊት ትንፋሿ እንደ ህቅታ ነገር ይቆረጥና፣ ከዚያ ስሙ ይወጣል። አምላክ ይቅር ይበለኝ፤ እያለቀስሁ ዜማው ደነቀኝ። እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰድጄ ስልኬን አወጣሁና በነጠላዬ ሸፍኜ ቀዳሁት። ማንንም አላስፈቀድሁም።

አንድ ዓመት ያህል ለብቻዬ ስሰማው ኖርሁ። አምና ክረምት ላይ ግን በግሩፑ የድሮ ዜማ የምንሰጣጥበት ሳምንት ሆነና እጄ አላርፍ አለኝ። ሙሾ ነው ብል ይወቅሱኛል፤ ስሙ ከተሰማ ደግሞ ቤተሰቡ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ተቀምጬ ስሙን ከየቦታው ቆርጬ አወጣሁ። እንደ ሥራዬ በጥራት ነው የቆረጥሁት፤ ያቺ የትንፋሽ ህቅታ ብቻ ቀረች። ከሥሩም «የጃናሞራ የድሮ ዜማ፣ ባለቤቷ አትታወቅም» ብዬ ጻፍሁበት። ላክሁት። ሁሉም ወደደው። «የአዘዞ ልጅ» በሚል ስም የሚገባው ኪቦርድ ተጫዋች «ይቺን እኔ እሞክራታለሁ» አለ። እኔም «በርታ» አልሁት። በዚያው ረሳሁት።

ዘንድሮ ጥር ላይ የአዛናው ታናሽ እህት ብርቱካን ልትዳር ሆነና ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ሐሙስ ከሰዓት ጎንደር፣ አዘዞ ከአውሮፕላን ወርጄ፣ ለሙሽራዋ ነጠላ ልገዛ ወደ አራዳ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። መጀመሪያ የሰማሁት ከበሮውን ነው፤ ፈጣን፣ ትከሻ የሚነቀንቅ። ከዚያ አንዲት ሴት «ሁሉም ተመለሰ ገበያው ሲፈታ» አለች። ድምፁ ቀጥኗል፣ ፈጥኗል። ግን ያቺ የትንፋሽ ህቅታ መጣች፤ እኔ የቀዳሁት የእታለም ድምፅ ነው። እናም ስሙ በነበረበት ቦታ ላይ ብዙ ወንዶች ባንድ ላይ «ሆ!» አሉ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ትከሻዋን ትሰብቃለች።

«ይቺን ዘፈን ስወዳት!» አለችኝ። «ዘንድሮ ሰርጉ ሁሉ በሷ ሆነ እኮ።»

«የማን ናት?» አልኋት፣ የማላውቅ መስዬ።

«ኧረ ማን ያውቃል! የድሮ ናት አሉ። ባለቤቷ አትታወቅም።»

የራሴ ቃል ነው። እኔ የጻፍሁት። ከአፏ ሲወጣ አፈርሁ።

ነጠላውን እንዴት እንደገዛሁ አላስታውስም። ከሱቁ ደጅ ቆሜ ለአዘዞው ልጅ ጻፍሁለት። ወዲያው በድምፅ መለሰልኝ፤ እየሳቀ ነው።

«ወለተ ማርያም! ኧረ ያቺ ዜማሽ አገር አዳረሰች! ልነግርሽ እያልሁ ሥራ በዛብኝ። እሑድ እንኳ መካነ ብርሃን ሰርግ አለብኝ። ሙሽራው ‹ዜማዋ የአገራችን ናት፣ እሷ ሳትኖር ሰርግ የለም› ብሎ ነው እኔን ከጎንደር የጠራኝ።»

እሑድ። መካነ ብርሃን። «ሙሽራዋ ማን ትባላለች?» ብዬ ጻፍሁ። አልደረሰውም። ቀጥዬ «እባክህ ያቺን ዘፈን እዚያ አትጫወታት» ብዬ ላክሁ። እሱም አልደረሰም። ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ጥር አይደል? እሑድ መካነ ብርሃን አምስትም አሥርም ሰርግ ይኖራል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያን ሌሊት አራዳ አልጋ ይዤ ውዳሴ ማርያሙን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ።

ዓርብ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ነበርሁ። መኪናው በቆመበት ሁሉ ስልኬን ወደ ላይ ከፍ አደርጋለሁ፤ ኔትወርክ የለም። ቤት ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ሰርገኛው ዘፋኝ ያመጣል?» ብዬ ነው። የብርቱካን አባት አያ ሞላ ዳሱን እየወጠሩ ነበር።

«አዎ፣ ከጎንደር ነው አሉ» አሉኝ። «ሞንታርቦውም ጄኔሬተሩም አብሮ ይመጣል። ምነው አንቺ፣ ከመዝሙር በቀር የማትሰሚዋ፣ ዘፈን ጀመርሽ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ እናት ለሞተ ልጇ ያወረደችው ሙሾ በሴት ልጇ ሰርግ ላይ ሊጨፈርበት ነው፤ ይህን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ቀድሜ ለእታለም መንገር አለብኝ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን አለኝ።

ሰርግ ቤት ግን ሁለት ሰው ብቻውን የሚገናኝበት ጥግ የለም። ጠዋት ጠላ ስታጠልል አገኘኋትና አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ንገሪኝ።»

ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችኝ። «ነጠላው ጥለቱ ሸጋ ነው ወይስ ልቀይረው?» አልሁ።

«ሸጋ ነው» አለች። «ይኸው ነው ነገርሽ?»

«ይኸው ነው።»

«እሺ» አለች፤ ወደ ጠላዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጓዳ ገብታ ሳያት ተከተልኋት። የልብስ ሳጥኑን ከፍታ የወንድ ካፖርት ይዛ ቆማለች። የአዛናው ነው። ስታየኝ አጣጥፋ መልሳ ከተተችው። ሙሽራ ስትወጣ ወንድሟ ነው ከደጅ የሚሸኛት፤ ዘንድሮ የሚሸኛት የአጎቷ ልጅ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም። ከመጣሁ ጀምሮ በዚያ ቤት የአዛናውን ስም የጠራ ሰው አልሰማሁም። የሞተ ሰው ስም በሰርግ አይነሣም። ሙሽራዪቱ እንዳታለቅስ፣ አባትየው እንዳይከፋቸው እየተባለ ሁሉም ስሙን እንደ ጉድጓድ እየዞረው ያልፋል። እኔ በዚህ ላይ ምን ብዬ አፌን ልክፈት? ተመለስሁ።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሰርገኛው መጣ። ኪቦርዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከመኪና ሲወርድ ሮጥሁ። ይዞት የወረደው ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆነው፣ ቀልጣፋ፣ ፀጉሩን በጥንቃቄ የተከረከመ ሰው ነው።

«አንተ ነህ የአዘዞ ልጅ? እኔ ወለተ ማርያም ነኝ።»

«አትይኝም!» ብሎ ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ። «ሰለሞን እባላለሁ። ፀጉር ቤት አለኝ፤ ይኸ የእሑድ ሥራዬ ነው። የዜማዋ እናት ራሷ መጣችልኝ!»

«እናቷ እኔ አይደለሁም» አልሁት። «ስማኝ ወንድሜ። የድሮ ዜማ አይደለችም፣ ሙሾ ናት። እዚህ ቤት የሞተ ልጅ ሙሾ። የሙሽራዋ ወንድም። ያለቀሰችው እናቱ ናት፤ ያችውልህ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረችው።»

የዘረጋው እጅ ወረደ። ዞሮ እታለምን አያት፣ መልሶ እኔን አየኝ።

«የድሮ ዜማ ብለሽ አልጻፍሽም?»

«ጽፌአለሁ።»

«እኔ የፍቅር ዘፈን መስሎኝ! ‹ምነው ሆይ ቆየህ› የምትለው... የቀጠረችው ወንድ የቀረባት ሴት መስላኝ። ሙሾ መሆኑን በምን ልወቅ? ስም የለበት፣ ሞት የለበት!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ብቻ ዛሬ አታጫውታት።»

«ማርያምን! አልነካትም» አለ።

ልቤ ጥቂት ዐረፈ። ሰርገኛው በላ፣ ጠጣ። ሰለሞን ሌላ ሌላውን ተጫወተ። ሚዜዎቹ ሦስት ጊዜ መጥተው «ያቺን! የጃናሞራዋን!» አሉት፤ እሱ «ፋይሏ ተበላሽታለች» እያለ ሸኛቸው። ቀና ብሎ ሲያየኝ በዓይኔ አመሰገንሁት። እታለም ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ ፊቷ ሳይከፋም ሳይደምቅም፣ እንግዶቹን ትቃኛለች።

ሰለሞን እህል ሊቀምስ ኪቦርዱን አጥፍቶ ተነሣ። ያኔ ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ፋይሉ ከተበላሸ ብሎ ይሆናል፣ የራሱን ስልክ በብሉቱዝ ከሞንታርቦው ጋር አገናኘ። ከበሮው ፈነዳ። ዳሱ ሁሉ እልል ብሎ ተነሣ። ሰለሞን ጉርሻውን እንደያዘ ደንግጦ አየኝ። «ሁሉም ተመለሰ ገበያው ሲፈታ...»

እንዴት እንደ ሄድሁ አላውቅም። በሰው ትከሻ መካከል ወጣሁ፣ ከዳሱ ጀርባ ጄኔሬተሩ ጋ ደረስሁ፣ ሽቦውን በሁለት እጄ ይዤ ነቀልሁት።

ጸጥ አለ። እስክስታ ላይ የነበሩት ትከሻዎች እንደተነሡ ቀሩ።

«ማነው ያጠፋው?» አለ ሚዜው።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው እቴ! ዘፈን ኃጢአት ነው ልትይን ነው? ሰርግ ነው እኮ፣ ማኅበር አይደለም!»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሽቦው እጄ ላይ ነው። ልናገር ብል ሰርጉን አፈርሳለሁ፤ ዝም ብል እብድ ነኝ። በዚህ መካከል እታለም ተነሣች። ቀስ ብላ መጥታ የእጄን አንጓ ያዘችና ምንም ሳትል ከቤቱ ጀርባ፣ ከጭድ ክምሩ ሥር ወሰደችኝ።

«እንግዲህ ተናገሪ» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ ስጠብቅሽ።»

«እታለም፣ ያ ዘፈን...»

«የእኔ ነው። አውቃለሁ።»

አንጓዬን ለቀቀችና ቀጠለች።

«ኅዳር ላይ ገበያ ሰማሁት። ጨርቅ ነጋዴው በስልኩ ይከፍተዋል፣ ሕፃናቱ ይዘላሉ። ሰው የገዛ ልቅሶውን አያውቅም ብለሽ ነው? ቢያቀጥኑትም፣ ቢያፈጥኑትም ድምፄ ነው። ያን ቀን ደግሞ ከአጠገቤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ የያዘች አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

«ምነው እስካሁን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ብዬ? እስክትመጪ ነዋ።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ።

«ተይ፣ ልብስሽ ይበላሻል። ስሚኝ። ይጨፍሩበት፤ እሱም ጭፈራ ይወድ ነበር፣ ሰርግ አያመልጠውም ነበር። ያመመኝ እሱ አይደለም። ሁሌ ስሰማ እጠብቃለሁ፤ ‹አሁን ይመጣል፣ አሁን ይጠሩታል› እላለሁ። ‹ሆ› ይላሉ። ልጄን የት ጣላችሁት? ስሙን ማን ነው የቆረጠው? ያ ዘፋኝ ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ። ያን ቃል ስናገር የራሴ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። «ሰው እንዳያውቃችሁ ብዬ ነው። ለጥንቃቄ ብዬ።»

«ከምን ነው የምትጠነቀቂልኝ?» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሙሾ የሚወረደው ለምን መሰለሽ? ዜማው እንዲያምር ነው? ስሙ እንዲጠራ ነው እንጂ። ስሙን ካወጣሽለት ማንም ቢጨፍርበት ምን ይፈረድበታል?»

ስም የሌለው ብልቃጥ የምመልስ ሴት፣ የሰውን ስም ቆርጬ ጥያለሁ።

«ሙሉው አለሽ?» አለችኝ። «ስሙ ያለበት?»

የለኝም። ስልኬ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ የቀረችኝ ግሩፑ ላይ የላክኋት የተቆረጠችው ብቻ ናት። ነገርኋት። እታለም ወደ ዳሱ ዞረች። እዚያ ሰዎቹ ያጉረመርማሉ፤ የሙሽራው ዘመዶች «ምን ተፈጠረ?» ይባባላሉ።

«ሦስት ቀን በቤቴ ስሙን የጠራ አልሰማሁም» አለች። «እኔም እንደነሱ ዋጥሁት። እንግዲህ የቆረጥሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው መልሺው።»

«የት?»

«እዚያው ነዋ። ‹ሆ› የሚሉበት ላይ።»

«በሰርግ? እታለም፣ ብርቱካን...»

«ብርቱካንን ለእኔ ተያት።»

ሽቦውን መልሼ ሰካሁት። እታለም ሰለሞንን ጠርታ በጆሮው ነገረችው። «ቀስ ላድርጋት እማማ? እንደ ልቅሶ?» ሲላት ሰማሁ።

«ተው ልጄ፤ እንዳለች ትሁን። ሰርግ ነው» አለችው።

ማይኩን እጄ ላይ አደረገው። በሕይወቴ ማይክ የያዝሁት ለመዝሙር ብቻ ነው። ከበሮው ጀመረ፤ ሚዜዎቹ ተደስተው ዘለሉ። የመጀመሪያው መስመር አለቀ፣ ትንፋሿ ህቅ አለች፣ አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። «ሆ!» አሉ። ሁለተኛው ዙር መጣ። እታለም ከፊቴ ቆማ አፌን ታየኛለች።

«አዛናው!» አልሁ።

ድምፄ ተሰነጠቀ፤ አላማረም። ግን በሞንታርቦው ከዳሱ አልፎ ሜዳውን መታው። እስክስታው ደፈረሰ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብርቱካን የፊቷን መሸፈኛ በሁለት እጇ ገለጠች። አያ ሞላ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ማንንም ሳያዩ ከዳሱ ወጡ። በቃ፣ አበላሸሁት አልሁ።

ያኔ እታለም እልል አለች። ረጅም እልልታ፤ ልጅ ሲወለድ እንደሚባለው ያለ። ሦስተኛው ዙር ሲመጣ እኔ ብቻዬን አልነበርሁም። በዚያ ለቅሶ አብረዋት የቆሙት የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ገብቷቸዋል። «አዛናው!» አሉ ባንድ ላይ። ብርቱካን እንባዋ እየወረደ ወደ መካከል ወጣችና ከእናቷ ፊት ለፊት ጨፈረች። አራተኛው ላይ ምንም የማያውቁት ሚዜዎች እንኳ «ሆ»ን ትተው ስሙን ጠሩ።

አያ ሞላ እስከ ማታ አልተመለሱም። በማግሥቱ ስሄድ ሻንጣዬን ከመኪናው ላይ ጭነው በጠፍር አጥብቀው አሰሩልኝ፤ አንዴ አስረው፣ አልበቃ ብሏቸው ደግመው አሰሩት። አላናገሩኝም። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ አልሆነላቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው። በሰርግ ማይክ ስለመያዜ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ስለ ዘፈኑ ምንም አላሉም፣ ስለ ዋሸሁት ጽሑፍ ግን ስግደት ሰጡኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በየስልካችሁ ዜማ የምትቀዱና የምታጋሩ ወገኖቼ፤ እኔ ያለ ፈቃድ መቅዳቴ አንድ ጥፋት ነው፣ አልክድም። የከበደኝ ግን በጎ ሥራ መስሎኝ የሠራሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ለግሩፑ እውነቱን ጽፌአለሁ፤ አንዲት ዜማ ሲልኩ «ባለቤቷ አትታወቅም» የሚሉትን «ጠይቀሃል ወይ?» እያልሁ አስቸግራለሁ። በገና ስደረድር ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ የሰው ስም ያለበት ይመስለኛል። ድሮ ዕረፍቴ ነበር፤ አሁን ዕረፍት አይሰጠኝም። ምናልባት እንዲያ ነው መሆን የነበረበት።

ሰለሞን ያቺን ዘፈን ከሱ ገጽ አንሥቷታል። ነገር ግን ከእጅ የወጣች ናት፤ በሚኒባሱም በገበያውም አለች፣ ሐዋሳ ድረስ ደርሳ ሰምቻታለሁ። እናንተም አንድ ቀን ሰርግ ላይ ትደርስባችሁ ይሆናል። ጨፍሩ፤ እናቱ ፈቅዳለች። ብቻ «ገበያው ሲፈታ» ካለች በኋላ ትንፋሿ ህቅ ስትል፣ ሰው ሁሉ «ሆ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እናንተ «አዛናው» በሉልኝ።